ሰዓቱ ትክክል፣ አዛኑ ግን ቀድሞ



ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። የረመዳን ምሽት ነው። ተምሩ ቀርቧል፤ ልጆች አዛን ይጠብቃሉ። የቤቱ ኮምፒውተር አዛን አለ። አባት እጁን ወደ ተምሩ ሲሰድ እናት በመስኮት ብትመለከት ፀሐይ ከጣና ማዶ ገና አልጠለቀችም። ጥፋቱ የማን ነው? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰዓቱን ነው። የኮምፒውተር ሰዓት እንደ እጅ ሰዓት በኳርትዝ ንዝረት ይሠራል። ሙቀትና ዕድሜ ንዝረቱን ስለሚያዛቡት በቀን አንድ ሁለት ሴኮንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ይህም በወር ተጠራቅሞ ወደ ደቂቃ ይጠጋል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆየው ትንሿ ባትሪ ካለቀች ደግሞ ቀኑ ራሱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል።

ለዚህ መፍትሔው በኢንተርኔት የሚገኙት የሰዓት ሰርቨሮች ናቸው። የአሠራሩ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሲሆን፣ አባቱ አሜሪካዊው ምሁር ዴቪድ ሚልስ ናቸው። ኮምፒውተራችን ሰርቨሩን «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ መንገድ ላይ ሳለ ጊዜ ማለፉ አይቀርምና፣ መልእክቱ ለደርሶ መልስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ግማሹን በመልሱ ላይ ይጨምራል።

በዊንዶውስ «ዴት ኤንድ ታይም» ከሚለው ገጽ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግና «ሲንክ ናው» የሚለውን መጫን ይበቃል። በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ብናጣ አንደናገር፤ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» በሚለው ሥር ነው። ሰዓቱን እንደ አገራችን አቆጣጠር ለማሳየት ብለን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስም ስሕተት ነው። የሶላት ፕሮግራሙ ይዛባል፤ ሰርቨሩም መልሶ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩ 18፡30 ሲል እኛ በቃላችን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንበል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ አዛኑ ለምን ቀደመ? ፕሮግራሙ ሲጫን ከተማው አዲስ አበባ ተብሎ ስለቀረ ነው! ሰርቨሩ ለመላው አገር አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ ፀሐይ ግን ለሁሉም ከተማ በአንድ ደቂቃ አትጠልቅም። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 1.4 ዲግሪ ያህል ርቃለች። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚያዝ፣ ዙህር በባሕር ዳር ከ5 ደቂቃ በላይ ይዘገያል። የመግሪቡ ልዩነት በታኅሣሥ አንድ ደቂቃ ያህል፣ በሰኔ ግን ወደ 10 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው ደመና ፀሐይን በሚሸፍንበት፣ በሰዓት ብቻ በምንመራበት ወራት መሆኑን ልብ ይሏል። ፈጅርም በአብዛኞቹ ወራት በባሕር ዳር ዘግይቶ ይገባል። ወቅቱ ሳይገባ የተሰገደ ሶላት እንደማይበቃ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ማፍጠር እንደማይገባ ደግሞ ሁላችንም የተማርነው ነው።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ14ኛው ምዕተ ዓመት በደማስቆ የኡመያ መስጂድ የሶላት ወቅት ጠባቂ የነበሩት ኢብኑ ሻጢር ለመስጂዱ የሠሩት የፀሐይ ሰዓት ለዚያችው ከተማ የተሰላ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! ዛሬውኑ በቤታችሁ ኮምፒውተርና ስልክ ሁለት ነገር መርምሩ፦ ሰዓቱ ከሰርቨር ጋር ተስተካክሏልን? በሶላት ፕሮግራሙ የተጻፈው ከተማ የምትኖሩበት ነውን? ከዚያም ከሠፈራችሁ መስጂድ አዛን ጋር አስተያዩት። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይሸሻልና ሲመለስ እንደገና አስተካክሉ። ወላጆችም ልጆቻችሁን በዚህ ሥራ ብታሳትፏቸው ኮምፒውተሩንም የሶላትን ወቅት መጠበቅንም በአንድነት ይማራሉ።

ወላሁ አዕለም።