ሪሞቱ በማን እጅ ነው?

“እንግሊዝኛ መልመድ ትፈልጋለህ? ፊልም ተመልከት!” ይህቺ ምክር ከተማውን ሞልታዋለች። የቋንቋ ማሠልጠኛው ይላታል፣ ጎረቤት ይላታል። ወላጅም ልጁ ከተከታታይ ድራማ ጋር ሌሊቱን ሲያነጋ “ቋንቋ እየተማረ ነው” ብሎ ይጽናናባታል። እኔ የምለው፣ ቋንቋ በማየት ብቻ የሚለመድ ቢሆን ኖሮ፣ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ራምቦንና ኮማንዶን እያየ ያደገውን ትውልድ በእንግሊዝኛ ማን ይችለው ነበር? ብዙው ይዞት የወጣው ግን ተኩሱንና ስድቡን ነው።

ፊልም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የመማሪያ መጽሐፍ የማይሰጠውን ይሰጣል። ልጆቻችን “ሃው አር ዩ?” ሲባሉ በኅብረት “አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ” ማለትን ከፊደል እኩል ነው የሚማሩት። ፊልሙ ላይ ግን ሚስት በሩን ባሏ ላይ ጠርቅማ “አይ አም ፋይን” ትላለች። ደኅና ናት? በጭራሽ! በእኛም ቤት “ምንም አልሆንኩም” የምትባል አለች፤ ትርጉሟ ከቃሉ ሳይሆን ከፊት ነው የሚነበበው። ይህንን የትኛው መጽሐፍ ያስተምራል?

ችግሩ ፊልሙ ሲሮጥ ነው። ሩጫን ደግሞ እናውቀዋለን። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች “ፕላዝማ” ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ማንንም አይጠብቅም ነበር። ይጠይቃል፣ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። ተማሪው ከደብተሩ ቀና ሲል ሌላ ርዕስ! መምህሩስ? ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃዎች በቀር እሱም እንደ ተማሪዎቹ ተመልካች ነበር። “አንድ ጊዜ ቁም” ማለት አይችልም።

ዛሬ ዓርብ ከሰዓት አንድ ሙሉ ፊልም ከፍቶ ውልቅ የሚል አስተማሪ፣ ያንኑ ጥፋት ማንም ሳያስገድደው እየደገመ ነው። ክፍያም ይቀበልበታል!

ሦስት ደቂቃ ትበቃለች። መጀመሪያ ድምፁን ዝጉት፤ “ምን እየተባባሉ ይመስላችኋል?” በሉ። ቀጥሎ ድምፁን ክፈቱ፤ ግምታቸውን ይፈትሹ። ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር አውጡ። የአማርኛው ከሆነ ዓይን ወደለመደው ይሮጣል፣ ጆሮም ሥራ ይፈታል። ከዚያ አጥፉትና ልጆቹ ራሳቸው ይተውኑት። በጨዋታ “አይም ጎና” የሚለው ሰው የሥራ ማመልከቻ ላይ እንደዚያ እንደማይጽፍም ንገሯቸው።

ይህንን ቴሌቪዥኑ አያደርገውም። የሚያደርገው ትዕይንቱን ቀድሞ አይቶ የመረጠ፣ ልጆቹ የት ላይ እንደሚደናቀፉ የሚያውቅ መምህር ነው። እናም ትምህርት ቤቶቻችን ለስክሪን ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለመምህሩ መዘጋጃ ጊዜ ያውሉት። የእኛ ልጅ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ለሌላው አገር ልጅ አንድ የትምህርት ዓይነት የሆነው ቋንቋ፣ ለእሱ የትምህርቱ ሁሉ በር ነው። በሩ ላይ ቀርቶ ሳለ “ፊልም እያየ ነውና ግድ የለም” ማለት ራስን መደለል ነው።