አቅጣጫ ከመስጠታችሁ በፊት

ኢነርጂን፣ ውሃንና ማዕድንን ለምትከታተሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች



ስብሰባችሁን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቀዋል። ሚኒስትሩ አፈጻጸማቸውን በፐርሰንት ያቀርባሉ። ከመካከላችሁ አንዱ በመረጠው ሕዝብ ወረዳ ስለሚጠፋው መብራት ይጠይቃል። መልሱ የትራንስፎርመር እጥረት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የመሠረተ ልማት ስርቆት ነው። ሰብሳቢው ጥንካሬው እንዲቀጥል፣ ክፍተቱ እንዲታረም «አቅጣጫ» ይሰጡና ስብሰባው ይበተናል። ያለፈው ዓመት አቅጣጫ የት ደረሰ ብሎ የሚሟገት ግን እምብዛም አይሰማም።

ሥልጣን አነሳችሁ እንዳልል ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርታችሁ እንድትጠይቁ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንድትመረምሩ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ አንድ ሦስተኛው አባል ከጠየቀ ምክር ቤቱ ጉዳዩን አንስቶ እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል።

ሳይደርቅ በርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ አለመባሉ ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። የጊልጌል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ ያለ ጨረታ በተሰጠ ውል ተሠርቶ ጥር 2002 ተመረቀ። ወሩ ሳይሞላ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው የውሃ ዋሻ ከፊሉ ተደርምሶ ማመንጨት አቆመ። የህዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 2003 ሲጀመር ሕዝቡ ከደመወዙ እያዋጣ ቦንድ ገዛ። የተርባይንና የብረታ ብረት ሥራው በመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) እጅ መጓተቱን ግን በይፋ የነገሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ ያውም ነሐሴ 2010፣ ሥራው ከድርጅቱ ሲነጠቅ። ግድቡ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል፤ እሰየው። ቢሆንም የገንዘቡን ባለቤት የምትወክሉት እናንተ ናችሁና ቀድሞ መናገር የእናንተ ድርሻ ነበር።

«የመስክ ምልከታ» የምትሉትም ያው ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ አስጎብኚው ራሱ ተጎብኚው ነው። እንዲህ ባለ ጉብኝት የሚታየው የተሰናዳው ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ደንበኛው በየሩብ ዓመቱ ከከፈለ፣ በምላሹ ምን እንዳገኘ በየሩብ ዓመቱ ብትጠይቁለት ምን ይከብዳል? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንንም ከሚቆጣጠራቸው ተቋማት ጎን አስቀምጣችሁ ሳይሆን ለብቻው ጥሩት። ከመንግሥት ደመወዝ የማይበሉ መሐንዲሶችንና ቅሬታ ያላቸውን ደንበኞች አብራችሁ ስሙ። የትልልቅ ፕሮጀክቶችን ውል አስቀርባችሁ አንብቡ።

ሚኒስትሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አዲሱን ሪፖርት ከማስጀመራችሁ በፊት ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ክፈቱና አንድ በአንድ ጠይቋቸው።