የሕፃን እግር አልታዘዝ ሲል

ማታ ሲሮጥና ሲቦርቅ አምሽቶ የተኛ ሕፃን፥ ጧት ከመኝታው ሊነሣ ሲል እግሩ አልታዘዝ ቢለው፥ በቤቱ ውስጥ የሚሆነው ድንጋጤ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እናት ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ምች መትቶት ነው ይላል፤ ሁለተኛው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወድቆ ይሆናልና ወጌሻ ይጠራ ብሎ ይመክራል። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ምክሩ ሲበዛ ቀኑ ይመሻል፤ በእንዲህ ያለ ሕመም ጊዜ ደግሞ የባከነ ቀን በዋዛ የሚተካ አይደለም።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ሽባነት በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ጤና ግን የሚመለሰው በወራት ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰቡ ሁለት ልዩ ልዩ ጠባዮች ያስፈልጉታል፤ ይኸውም በመጀመሪያው ቀን ፍጥነት፥ ከዚያ በኋላ ትዕግሥት። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በመጀመሪያ ይዘገያል፥ በኋላ ይቸኮላል።

ለድንገተኛ ሽባነት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በአገራችን በስሙ የታወቀው የልጅነት ልምሻ፥ ማለት ፖሊዮ ነው። ቫይረሱ በተበከለ ውሃና ምግብ፥ ባልታጠበም እጅ አማካይነት በአፍ ይገባል፤ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም አልፎ አልፎ ወደ ሕብለ ሰረሰር ዘልቆ ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት ይቀድማል፤ ከዚያ አንዱ እግር ወይም አንዱ ክንድ ይዝላል፤ ልጁ ሲነኩት ይሰማዋል፥ ማንቀሳቀስ ግን ያቅተዋል።

ሌላው ምክንያት ጊያን ባሬ የሚባለው ሕመም ነው። ስሙ የተገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ1916 ጊያን፥ ባሬና ስትሮል የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች፥ በድንገት ዝለው ኋላ ያገገሙ የሁለት ወታደሮችን ሕመም መርምረው ከጻፉ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ካለፈ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ፥ ሰውነት ጠላቱን እንዲከላከልለት ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ያጠቃል። መዛሉ ከሁለቱም እግሮች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረት ከደረሰ ትንፋሽን ያሰጋል። ሆኖም በዚህ ከሚታመሙት ሕፃናት የሚበዙት ይድናሉ፤ የነርቩ ልባስ እንደገና እየተሠራ ሲሄድ ጉልበታቸው ቀስ በቀስ ይመለሳል።

እነዚህን ሕመሞች በዓይን አይቶ መለየት የቤተ ሰብም የወጌሻም ሥራ አይደለም። የቤተ ሰብ ሥራ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በመንገድም ላይ እንዴት እንደሚተነፍስና እንደሚውጥ ይመልከቱ፤ ድምፁ ቢሰልል፥ ምራቁን መዋጥ ቢያቅተው፥ ትንፋሹ ቢያጥር ለአንዲት ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። የዛለውን እግር መጎተትና በኃይል ማሸት አይገባም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌ ማስወጋትም እንዲሁ ነው፤ የፖሊዮ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ሳለ የተወጋ ጡንቻ ለሽባነት ይበልጥ እንደሚጋለጥ በሕክምና ታውቋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ከዚህም ሌላ የማይዘነጋ ግዴታ አለ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በድንገት ሲዝል፥ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፥ ለጤና ሠራተኛ ወዲያው ማስታወቅ ይገባል፤ ሁለት የሰገራ ናሙናም፥ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ተደርጎ፥ መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። አንዳንድ ወላጅ ልጁ መሻል ሲጀምር «ከዳነ ወዲያ ምን ያደርጋል?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ከገባባቸው 200 ያኽል ሰዎች መካከል ሽባ የሚሆነው አንድ ነው፤ የቀሩት ሳይታወቅባቸው ቫይረሱን ይዘው ይዞራሉ። እንግዲህ የዛለው ልጅ ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ምስክር ነው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2020 ቢረጋገጥም፥ ክትባት በሳሳበት ቦታ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚነሣው ዓይነት በ2019 በአገራችን ተገኝቷል። መፍትሔውም ክትባቱን ለሁሉ ማዳረስ እንጂ መሸሽ አይደለም፤ ልጆች ሁሉ በተከተቡበት ቦታ ይህ ዓይነቱ መራቢያ አያገኝምና።

ሐኪሞች ብቻቸውን ሊወጡት ባልቻሉት ጊዜ የተማሪ እጅ ምን ያኽል እንደሚሠራ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ፖሊዮ ተነሥቶ የብዙ ሰዎችን ትንፋሽ አቋረጠ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንዲህ ከታመሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። የትንፋሽ መሣሪያ አልበቃም። በዚያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ እንዲገባና አየር በከረጢት በእጅ እንዲነፋላት አደረገ፤ ልጅቱም ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያኽል ተማሪዎች ተራ እየገቡ፥ ሌሊትና ቀን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን ይጨምቁ ጀመር። የሚሞተውም ሰው ቍጥር ከግማሽ በታች ወረደ። እነዚያ ወጣቶች ያደረጉት ነገር ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ሳይሰለቹ መቀመጥ ነበር።

ሳይሰለቹ መቀመጥ በማገገሚያው ጊዜም ዋናው ነገር ነው። ትኩሳቱና ሕመሙ ካለፈ በኋላ ልጁን ተሸክሞ ማዋል ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፥ ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል። በፖሊዮ የሞተ የነርቭ ሕዋስ ተመልሶ አይነሣም፤ የተረፉት ግን አዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው ባለቤት ያጣውን ጡንቻ ይረከባሉ። ይህም በይበልጥ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና፥ ሐኪም ያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ማሠራት የቤተ ሰብ ድርሻ ነው። ዛሬ ጣት ብትነቃነቅ፥ በሚቀጥለው ወር ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቢቆም፥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሜሪካዊቷ ዊልማ ሩዶልፍ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ ዝሎ ነበር። እናቷ ራቅ ወዳለ ከተማ ሆስፒታል ታመላልሳት ነበር፤ እኅቶቿና ወንድሞቿም እቤት እየተፈራረቁ እግሯን ያሹላት ነበር። ለዓመታት በብረት ድጋፍ የሄደችው ልጅ፥ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። ሁሉም ልጅ እንደ እርስዋ ይሮጣል አንልም፤ በድጋፍና በክራንች የሚሄድ ብዙ ነው። ክራንች የያዘ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሊሄድ ይገባዋል፤ ጓዳ ሊደበቅ አይገባውም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ከቤተ ዘመድና ከመንደር ድንገተኛ ነገር ሲደርስ «እስቲ አንተ ተምረሃል፥ ምን ይሻላል?» ተብላችሁ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። መልሳችሁ አጭር ይሁን፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ በሉ። ከተቻላችሁም ልጁን ራሳችሁ ውሰዱት፤ የ14ቱንም ቀን ቍጠሩ። ወሬው ከበረደና ጠያቂው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ደግሞ፥ በሦስተኛው ወር፥ ተመልሳችሁ «እንቅስቃሴውን ትሠራለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ልጁ ግን ሰው የሚያስፈልገው ይልቁንም ያን ጊዜ ነው።