ጨውን መቀነስ ከገበያ ይጀምራል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢልዎ ውስጥ ያለው ጨው በላስቲክ የታሰረው ብቻ አይደለም። ተፈጭቶ የሚሸጥ በርበሬ፣ የተዘጋጀ ሽሮና ሚጥሚጣ ብዙውን ጊዜ ጨው ገብቶባቸዋል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ይጨመራል፤ በገጠር ቡናውም በጨው ይጠጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይመክራል። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ግን አማካይ ፍጆታችን 8 ነጥብ 3 ግራም መሆኑን አሳይቷል። ትርፉ ጨው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱም ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ስለዚህ የአካባቢውን ዛላ በርበሬና ሽምብራ በጥሬው ገዝተው ያለ ጨው ያስፈጩ። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ያካክሱ። ጎመን፣ ባቄላ፣ አቮካዶና ሙዝ ከዘንቢልዎ አይጥፉ፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የሚገዙት ጨው ጥቂት፣ ነገር ግን አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወጡ ሊወርድ ሲልም ይጨምሩት። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጨው ቀነስኩ ብለው አያቋርጡ።

ለታማሚው ብቻ ለብቻው የሚሠራ ወጥ አይዘልቅም። ማዕዱ አንድ ነውና የቤተሰቡ ሁሉ ጨው ይቀንስ።