ሁሉን የሚቀበለው ሶኬት

በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የየትኛውንም አገር ስፒና የሚያስገባ ዲቫይደር አይጠፋም። ቀዳዳዎቹ የአውሮፓውን ክብ እግር፣ የእንግሊዙን ወፍራም ባለ ሦስት እግር፣ የአሜሪካውን ጠፍጣፋ እግር እኩል ያስተናግዳሉ። ገበያው ይህን የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከዱባይ የገባው ውኃ ማፍሊያ የእንግሊዝ ስፒና ይዞ ይመጣል፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የጁስ መፍጫ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ የግድግዳችን ሶኬት ደግሞ በአብዛኛው ለክብ እግር የተሠራ ነው። ዲቫይደሩ ሁሉንም ሲያስማማ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። የእኔ ሙግት ግን ችግሩ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልተፈታም፣ መፍትሔውም አገሪቱ አንድ የሶኬት ዓይነት መርጣ በሱ መጽናቷ ነው የሚል ነው።

ስፒና ብቻውን የቆመ ዕቃ አይደለም፤ ከሶኬቱ፣ ከግድግዳው ሽቦና ከብሬከሩ ጋር አብሮ የታሰበ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1947 ደረጃ ያወጡለት ባለ ሦስት እግር ስፒና ከጦርነቱ በኋላ መዳብ ሲወደድ የተወለደ ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ብዙ ሶኬቶችን 30 አምፔር በሚሸከም አንድ የቀለበት መስመር ላይ አገናኙ፤ መስመሩ ይህን ያህል ጉልበት ስላለው ቀጭኑን የመብራት ገመድ የሚጠብቅ ፊውዝ በየስፒናው ውስጥ አስገቡ። የኧርዙ፣ ማለትም ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርደው፣ እግር ከሌሎቹ ረዘም ያለው ቀድሞ ገብቶ የሌሎቹን ቀዳዳዎች መጋረጃ እንዲከፍት ነው፤ ልጅ ሚስማር ቢሰድ መንገዱ ዝግ ነው። በ1920ዎቹ ጀርመን የተፈጠረው ሹኮ የሚባለው ባለ ክብ እግር ስፒና በሌላ መንገድ ሄደ። ኧርዙን በስፒናው ጎንና ጎን አደረገው፣ ኃይል ከመድረሱ በፊትም እንዲነካካ አሰናዳው፤ እስከ 16 አምፔር ይሸከማል። ሁለቱም በየቤታቸው ሙሉ ናቸው።

አሁን የማቀዝቀዣችንን ሹኮ ሁሉን በሚቀበለው ዲቫይደር ላይ እንሰካው። ክብ እግሮቹ ይገባሉ፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል። የጎኑ ኧርዝ ግን የሚነካው ነገር የለም። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ ኃይሉ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አጥቶ ይጠብቃል፤ መንገድ የሚሆነው በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍት ሰው ነው። የአሜሪካው መፍጫ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል። ጠፍጣፋ እግሩ በክብ ቀዳዳ እንቢ ማለቱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ዲቫይደሩ ያንን አፍ ዘጋው። የኤሌክትሪክ ምጣድንም እንይ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፣ ብዙዎቹ ዲቫይደሮች ግን ለ10 ወይም ለ13 አምፔር የተሠሩ ናቸው። 16 አምፔር የሚፈቅደው ብሬከር አይቆርጥም፤ የሚግለውና የሚቀልጠው ፕላስቲኩ ነው። ስፒናውን ቆርጦ ባለ ሁለት እግር መቀጠልም ከዚህ አይሻልም፤ አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ ተጠቅልሎ ይቀራልና።

ድሃ አገር አንድ ሶኬት መርጦ መጽናት አይችልም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብራዚልን እንመልከት። እዚያም ጠፍጣፋና ክብ እግርን አንድ ላይ የሚቀበል፣ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ቤቱን ሁሉ ሞልቶት ነበር። መንግሥት አንድ ደረጃ መርጦ አምራቹንና አስመጪውን በቀነ ገደብ አስገደደ፣ በ2011 የአሮጌው ሽያጭ ቆመ። ሕዝቡ ለዓመታት አዳፕተር እየገዛ ማማረሩ እውነት ነው። ሆኖም ግድግዳህን አፍርስ የተባለ አልነበረም፤ ለውጡ በአዲስ ዕቃና በአዲስ ቤት በኩል ገባ። ዓለም አንድ እስኪሆን እንጠብቅ ለሚሉ ደግሞ መልሱ የብራዚል ምርጫ ራሱ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የጋራ ስፒና ብሎ በ1986 ያወጣውን ንድፍ ተከትለው ብሔራዊ ደረጃ ያደረጉት ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም።

የእንግሊዙ ይበልጣል ለሚል ሰው በከፊል እስማማለሁ፤ መጋረጃውና ፊውዙ የሚያስቀኑ ናቸው። ነገር ግን ለእኛ ሹኮ ይሻላል፦ ግድግዳችን አስቀድሞ ክብ እግርን ለምዷል፣ 16 አምፔሩ ለምጣዳችን ይስማማል፣ ሹኮም መጋረጃ ያለው ሆኖ ይሠራል። ከባዱ ጥያቄ ኧርዝ ጨርሶ ያልተዘረጋባቸው ቤቶች ናቸው። እዚያ ሹኮ መግጠም ብቻውን ያታልላል፤ ቅርጹ አለ፣ ጥበቃው የለም። ስለዚህ ደረጃው በሁለት በር መጠበቅ አለበት። አንደኛው ጉምሩክ ነው፦ ለሽያጭ የሚገባ ዕቃ ከፋብሪካው የተገጠመ የአገሩን ስፒና ይዞ ይግባ፣ ኧርዝ የማያገናኝ ዲቫይደር አይግባ። ሁለተኛው ቆጣሪ ነው፦ ለአዲስ ቤት ኃይል ከመለቀቁ በፊት የእያንዳንዱ ሶኬት ኧርዝ በመለኪያ ይፈተሽ።