ስለ ልብስ አተኳኮስና ስለ መተኮሻ ምንጣፍ

አንባቢ ሆይ፤ ልብስ ተሰፍቶ የሚያልቀው መርፌው ሥራውን ሲጨርስ ይመስልዎ ይሆናል። በደባርቅና በዳባት በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉትን ልብስ ሰፊዎች አስተውሎ የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል። ስፌታቸው ቀጥ ያለና የጠበቀ ሆኖ ሳለ፣ ሱሪው ሲለበስ ጎኑ ይጨማደዳል፤ ኮሌታውም አይተኛም። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከእጃቸው አይደለም፤ አንዱ ስፌት ሌላው ሳይጨመርበት በፊት በካውያ ተከፍቶ ስላልተተኮሰ ነው። ይህም ስንፍና አይደለም። በጠባብ በረንዳ ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛ ማን ያቆማል?

መፍትሔው ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ምንጣፍ ነው። ለልብስ ሰፊው ብቻ አይምሰልዎ፤ አንድ ደንብ ልብስ ላለው ተማሪና በኪራይ ቤት ለሚኖር ጸሐፊም እንዲሁ ይጠቅማል።

የሚያስፈልገው ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም የባና ቁራጭ፣ ሦስት ክንድ ያህል ነጭ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር ነው። ሱፍ የተመረጠው እንፋሎቱን ስለሚመጥ፣ ሙቀቱን ስለሚይዝና ስፌቱ ሲጫኑት ሰመጥ ስለሚል ነው። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ሱፍ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሱፍ አይደለም። ጥቂት ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉት። እንደ ተቃጠለ ጠጕር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ግን ሰው ሠራሽ ነውና ከካውያ ሥር አይሆንም።

ብርድ ልብሱን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ተኩል አድርገው ይቁረጡና ሦስት እጥፍ ይደርቡ። አቡጀዲውን አስቀድመው በሙቅ ውኃ ይጠቡት፤ አለዚያ በእንፋሎቱ ተኰማትሮ ምንጣፉን ያጣምመዋል። ካለበሱት በኋላ ጠርዙን ብቻ በእጅ ይስፉ። መካከሉን እንደ ፍራሽ መስፋት አይበጅም፤ የክሩ መስመር በሚተኮሰው ልብስ ላይ ይታተማልና። በአንዱ ጫፍ ሁለት ማሰሪያ ይትከሉ፤ በቃ፣ አለቀ።

ሲሠሩ በጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት። መደብ ላይ ከሆነ ከሥሩ ሳንቃ ያድርጉ። ካውያውን ማንሣትና ማስቀመጥ ነው እንጂ መግፋት አይደለም፤ ቢገፉት ጨርቁ ይለጠጣል። መጀመሪያ ስፌቱን እንዳለ ይጫኑት፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጠርዝ ከፍተው ይተኩሱ። በሱፍ ሱሪ ላይ እርጥብ የነጠላ ቁራጭ ይደርቡ፤ አለዚያ መቀመጫው ላይ ያ የጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብልጭታ ይመጣል። ጥልፍ ያለበት የሐበሻ ቀሚስ በፊቱ ተደፍቶ ይተኮሳል፤ ጥልፉ ወደ ሱፉ ስለሚሰምጥ ሳይደፈጠጥ ይቀራል። አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር፦ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ እዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንፋሎቱ ከቆላው የቀዘቀዘ ነውና ካውያውን ጥቂት ያቆዩት።

አሁን ከልብስ ወደሚበልጠው ነገር ልለፍ። በስሜን ተራሮች ግርጌ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል በኅብረት የሚከራዩ ተማሪዎች፣ መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ሲጨርሱም ፍሙ ቤቱን ያሙቅልን ብለው በሩን ዘግተው መተኛት ይመጣል። ጢሱ ስለ ጠፋ ፍሙ የማይጎዳ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ሽታም መልክም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚይዘውን ቦታ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በደጋ ደግሞ አየሩ ቀድሞውንም ስስ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ድካም ነው ብለው አይተኙ፤ ፈጥነው ወደ ውጭ ይውጡ፣ ጓደኛዎንም ያውጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂዱ።

የምንጣፉ ቀላልነት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጋለውን ካውያ ወደ ክፍል ከማስገባት ይልቅ ምንጣፉን ወደ በረንዳ ያውጡት፤ ከሰሉን እዚያው ያቀጣጥሉ፣ እዚያው ይተኩሱ፣ ፍሙንም እዚያው በውኃ ያጥፉ። ወደ ቤት የሚገባው ልብሱና ምንጣፉ ብቻ ይሁን።