ደንበኛ ንጉሥ የሚሆነው እስከ መቼ ነው? የመኪና ገዥዎች እርካታ እና ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ማስታወቂያ በኢትዮጵያ ከተሞች የንግድ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለመደ ነው። በዚያው ግድግዳ ወይም በደረሰኙ ግርጌ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሌላ ማስታወቂያ ይነበባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ መልእክታቸው ግልጽ ነው፤ ደንበኛው ንጉሥ የሚሆነው ገንዘቡ በእጁ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የተገዛው ዕቃ ሸሚዝ ወይም ጫማ ሲሆን ጉዳቱን መቻል አይከብድም። የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ወይም የባንክ ብድር የፈሰሰበት መኪና ሲሆን ግን «ከገዛሁ በኋላ ማን ያውቀኛል?» የሚለው ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ክብደት አግኝቷል። በ2014 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ ሆኖ ሲወሰን፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡት ከቀረጥ ነጻ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚነሳ ሰው ምርጫው በአመዛኙ አንድ ነው።

ምርጫው ሲጠብ ሻጩ ከሸጠ በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ዋጋው ይጨምራል። በነዳጅ የሚሠራን ያረጀ መኪና በየሰፈሩ ያለ መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም አዲስ ቢጠፋ አሮጌው ይገኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የማይቀየርለት፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹም ጥቂት የሆኑ ተሽከርካሪ በመሆኑ የዕለት ተዕለት ወጪው ዝቅተኛ ነው። ሲበላሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠራውን ባትሪ መንካት የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ብዙ ጉድለቶችም የሚለዩት በመፍቻ ሳይሆን አምራቹ በሚፈቅደው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የዚህ መኪና ባለቤት በሻጩና በአምራቹ ላይ ያለው ጥገኝነት ከቀድሞው የበለጠ ነው።

እርካታን በነጥብ መለካት

ሻጭ ለደንበኛው የገባውን ቃል መጠበቁ እንዴት ይታወቃል? በመኪና ንግድ ረጅም ልምድ ያላቸው ሀገራት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት አንዱ መልስ የደንበኞች እርካታ መጠይቅ ነው። በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው ተቋም የመኪና ባለቤቶችን እየጠየቀ ውጤቱን በደረጃ ማውጣትን ትልቅ ሥራ አደረገው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሬድ ራይክሄልድ የተባሉ የንግድ አማካሪ «ይህን ድርጅት ለወዳጅዎ ይመክራሉ?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ የቆመ መለኪያ በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት አስተዋወቁ። በዚህ ስሌት ከ10 ነጥብ 9 እና 10 የሰጠ ደንበኛ ደጋፊ ይባላል፤ 7 እና 8 የሰጠው ከቁጥር አይገባም፤ ከ6 በታች እና 6 የሰጠው ነቃፊ ተብሎ ይመዘገባል።

ሐሳቡ በጎ ነው። ችግሩ የመጣው ነጥቡ ከገንዘብ ጋር ሲተሳሰር ነው። በአሜሪካ ብዙ አምራቾች ለሻጭ ወኪሎቻቸው የሚሰጡትን ጉርሻ ከመጠይቁ ውጤት ጋር ያያይዙታል። በዚህም የተነሳ ከሙሉ ነጥብ በታች ያለው ሁሉ እንደ ውድቀት የሚቆጠርበት አሠራር ተፈጥሯል። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ «ከአምራቹ መጠይቅ ይደርስዎታል፤ ሙሉ ነጥብ የማይሰጡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ» ማለቱ፣ አንዳንዴም ነጻ እጥበት ወይም ቅናሽ ቃል መግባቱ በዚያ ሀገር መኪና ለገዛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም በታክሲና በመሰል ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ልመና ያውቁታል። ደንበኛው የሻጩን የዕለት እንጀራ ላለመንካት ሲል ያልተሰማውን እርካታ ይሞላል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፉ ያነሱት ሐሳብ ለዚህም ይሠራል። መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ያበቃል። ሻጩ ጥገናውን ከማሻሻል ይልቅ ነጥቡን ማሻሻል ከቀለለው፣ የሚሻሻለው ነጥቡ ነው።

መጠይቁ የማይጠይቀው

ከነጥቡ መዛባት ሌላ የጊዜ ጉዳይም አለ። የሽያጭ መጠይቅ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ግዥው በተፈጸመ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ መኪናው አዲስ ነው፤ የመቀመጫው ፕላስቲክ ገና አልተነሣም፤ ባለቤቱም ደስተኛ ነው። የሚለካው ቡናው፣ መስተንግዶውና የሻጩ ትሕትና ነው። ጄ.ዲ. ፓወር ራሱ ይህን በመረዳት በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የታየውን ችግር የሚያጠናውን መጠይቅ፣ መኪናው 3 ዓመት ካስቆጠረ በኋላ ከሚደረገው የአስተማማኝነት ጥናት ለይቶ ያካሂዳል። የመኪና ጥራት የሚገለጠው በጊዜ ነውና።

በኢትዮጵያም ቢሆን መጠይቅ እንግዳ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተገልጋይ እርካታ ጥናት ያካሂዳሉ፤ የአስተያየት መስጫ ሳጥን በየኮሪደሩ ተሰቅሏል። ተገልጋዩ ግን ሳጥኑ መቼ እንደሚከፈትና ማን እንደሚያነበው ካላወቀ አስተያየቱን ትቶ ያልፋል። በተለይ ባለጉዳዩ ነገ ተመልሶ ወደዚያው ቢሮ የሚመጣ ከሆነ ቅሬታውን በይሉኝታ ወይም በስጋት ይውጠዋል። የመኪና ባለቤትም እንዲሁ ነው፤ መለዋወጫ የሚያመጣለት አንድ ወኪል ብቻ ከሆነ ያንን ወኪል ማስቀየም አይፈልግም።

ከወኪል የገዛና ከደላላ የገዛ

የኢትዮጵያ ገበያ ሌላም ልዩ መልክ አለው። መጠይቅ የሚልክ አምራች፣ ደረጃ የሚወስን ወኪልና የታወቀ ዋስትና በሌለበት ሁኔታ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። በአንድ በኩል አምራቹ የወከላቸውና የራሳቸው ጥገና ማዕከል ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ ማራቶን ሞተርስ በ2012 ዓ.ም የሀዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና በሀገር ውስጥ ገጣጥሞ ማቅረቡም ይታወሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከቻይና ገበያ ገዝተው የሚያስገቡ አስመጪዎችና በመካከል የሚገቡ ደላሎች አሉ።

ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ሲቆም ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 በቻይና ተመርቶ ለቻይና ገበያ የተዘጋጀ ሞዴል ነው። እንዲህ ያለ መኪና የማያ ገጹ ቋንቋ፣ ካርታውና ከስልክ ጋር የሚያገናኘው መተግበሪያ ለዚያ ገበያ የተሠሩ ናቸው። የኃይል መሙያው ሶኬትም የቻይናን ደረጃ የሚከተል ነው። አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ዋስትናው በአብዛኛው የሚጸናው መኪናው በይፋ በተሸጠበት ሀገር ነው። ሻጩ «የ8 ዓመት ዋስትና አለው» ሲል ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዋስትናው ግን ቤጂንግ ነው ያለው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሀብት ነው።

ለክልል ከተሞች ነዋሪ ደግሞ ርቀቱ ይጨመርበታል። ለኤሌክትሪክ መኪና የሠለጠኑ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በደሴ የቆመ መኪና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ተጭኖ መሄድ ሊኖርበት ነው። የመጫኛው ወጪ፣ የባለቤቱ የሥራ ቀናትና መኪናው ጋራዥ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ተደምረው በነዳጅ የተቆጠበውን ገንዘብ ሊበሉት ይችላሉ። መኪናው የታክሲ አገልግሎት የሚሰጥ ከሆነ እያንዳንዱ የቆመበት ቀን የቤተሰቡ ገቢ የተቋረጠበት፣ የባንኩ ዕዳ ግን ያልተቋረጠበት ቀን ነው።

የሻጩም ወገን ሊሰማ ይገባል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም በእጅጉ ቀንሷል፤ ባለፈው ዓመት በውሉ የተሰላ የጥገና ዋጋ ዛሬ አስመጪውን ሊያከስረው ይችላል። ሞዴሎቹ በፍጥነት ስለሚለዋወጡም የእያንዳንዱን ዕቃ በመጋዘን አከማችቶ መቆየት ከባድ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ችግሩን ከሽያጩ በፊት የሚያውቀው ሻጩ እንጂ ገዥው አይደለም። የሚያውቅ ወገን ለማያውቀው የመንገር ግዴታ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ግዴታው የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በተገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ከተገኘ ሸማቹ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ጽሑፍ ከሕግ በላይ አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ሕጉ ከገዥውም ትጋትን ይጠብቃል። ገዥው ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። በስልክ የተነገረና በ«እሺ፣ እናያለን» የታለፈ ቅሬታ በፍርድ ቤት ለማስረዳት ያስቸግራል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ የተናገሩትን በጽሑፍ ማስቀረት።

አሜሪካውያንም ቢሆኑ ጉዳዩን ለመጠይቅ ብቻ አልተዉትም። በ1975 እ.ኤ.አ. ዋስትናን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ወጣ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኮነቲከት ግዛት በተደጋጋሚ ተጠግኖ ያልተስተካከለን አዲስ መኪና አምራቹ እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹ ግዛቶችም ተከተሉ። ከእነዚህ ሕጎች ብዙዎቹ የጥገናውን ሙከራ ብዛትና መኪናው ከአገልግሎት ውጭ የሆነበትን ቀን ይቆጥራሉ። ደንበኛው ምን ያህል ፈገግ እንዳለ አይጠይቁም።

ከፈገግታ ወደ ቀን ቆጠራ

ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ትምህርት ከዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሻጭን ለመመዘን የሚሻሉት መለኪያዎች ሊቆጠሩ የሚችሉት ናቸው። ጥገና የገባ መኪና በስንት ቀን ይወጣል? በአንድ ብልሽት ስንት ጊዜ ተመልሷል? የተጠየቀ መለዋወጫ በስንት ቀን ይደርሳል? ከአዲስ አበባ ውጭ ስንት የሠለጠነ ባለሙያ አለ? የሸማቾች ጥበቃን ሥራ በ2014 ዓ.ም የተረከበው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ንግድ ቢሮዎች እነዚህን ከአስመጪዎች ጠይቀው ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ ገዥው ከደላላው ቃል የተሻለ መነሻ ያገኛል። ጥሩ የሚሠሩ ሻጮችም ከዚህ ይጠቀማሉ፤ ዛሬ መጋዘን የገነባና መካኒክ ያሠለጠነ ድርጅት ከሸጦ ዘወር ባይ ጋር በዋጋ ብቻ ይወዳደራልና።

ገዥውም ከመፈረሙ በፊት ሊያደርገው የሚችለው አለ። ዋስትናው በኢትዮጵያ የሚጸና መሆኑን፣ ማን እንደሚፈጽመውና የት እንደሚጠገን በውሉ ላይ በስም ማስጻፍ፤ ደረሰኙን፣ ውሉንና የየጥገናውን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ፤ ብልሽት ሲታይም ቀኑን መዝግቦ በደብዳቤ ማስታወቅና ቅጂውን ማስቀረት። መጠይቅ ከደረሰውም ለሻጩ በማዘን ሳይሆን እንደሆነው መሙላት ይገባዋል። በይሉኝታ የተሞላ ሙሉ ነጥብ ቀጣዩን ገዥ ወደዚያው ችግር ይመራዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለማዳን የታለመ ነው። ዓላማው የሚሳካው ግን ወደ ሀገር የገቡት መኪናዎች በመንገድ ላይ ሲቆዩ ነው። ብልሽቱ ቀላል ሆኖ በአንድ መለዋወጫ እጥረት ለወራት የቆመ መኪና ነዳጅ አይቆጥብም፤ የተገዛበትን ምንዛሪ ግን ይዞ ቆሟል። የሽያጭ ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ገበያ ይህን ኪሳራ አያየውም። ኪሳራው የሚታየው የቆሙት መኪናዎችና የቆሙባቸው ቀናት መቆጠር ሲጀምሩ ነው።